ጠዋት የሚጎድሉት ፍሬሞች፦ በኔትወርክ ሬንደር ስናደርግ ፋይሉ ለምን አንዳንዴ ሴቭ አይሆንም?

ማታ 1 ሰዓት ላይ ስራውን ለሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ ምስሉን ሰርተው እንዲያወጡት፣ ትለቃላችሁ። 12 ኮምፒውተሮች፣ 300 ፍሬሞች (የአኒሜሽኑ ነጠላ ምስሎች)፣ የአንድ አፓርታማ አኒሜሽን። ደንበኛው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይመጣል። 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ገብታችሁ ፎልደሩን ስትከፍቱ ያሉት 287 ፍሬሞች ብቻ ናቸው። 13ቱ የሉም።

ሎጉ (ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ «ፋይሉን ሴቭ ማድረግ አልተቻለም» የሚል መልእክት አለ። የጎደሉትን መልሳችሁ ትለቃላችሁ። 13ቱም ያለ ምንም ችግር ያልቃሉ። የቀየራችሁት ነገር የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነገር ይደገማል፤ የሚጎድሉት ፍሬሞች ግን ሌሎች ናቸው።

ሁልጊዜ የሚከሽፍ ነገር ምክንያቱ ቶሎ ይገኛል። እየመጣ የሚሄድ ስህተት ግን ሰውን ያሰለቻል። «ኔትወርኩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን የማምነው ሌላ ነው። «አንዳንዴ» የምንለው ሁኔታውን ስላላወቅነው ነው። ስህተቱ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ አንድ የተወሰነ ኮምፒውተር፣ የተወሰነ ሰዓት ወይም የተወሰነ ፋይል። ከሶስቱ የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹ ስራ አልቋል።

ሴቭ ሲደረግ የሚሆነው

ኮምፒውተሩ ፍሬም ሲሰራ ምስሉ ያለው ራም ላይ ነው። አንድ ከባድ ፍሬም 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ኔትወርኩን እምብዛም አይፈልገውም። ቴክስቸሮቹን (የእቃዎቹን የገጽ ምስሎች) መጀመሪያ ላይ ያነብና ከዛ ብቻውን ይሰራል። ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ሰርቨር ተመልሶ የሚያንኳኳው ፍሬሙ ሲያልቅ ነው።

በዛች ቅጽበት ብዙ ነገር ይከናወናል። ሰርቨሩን በስሙ ይፈልገዋል። በዩዘርና በፓስወርድ ማንነቱን ያሳያል። ፎልደሩ መኖሩን ይጠይቃል። አዲስ ፋይል ይከፍታል። ምስሉን ቆራርጦ ይልካል። መጨረሻ ላይ ፋይሉን ይዘጋል። ከነዚህ በአንዱ ላይ እክል ከገጠመ የ40 ደቂቃው ስራ አብሮ ይጠፋል። ሬንደር ፕሮግራሙ ደግሞ ለሁሉም ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሰጠው፤ «ሴቭ ማድረግ አልተቻለም»።

ስለዚህ ሎጉ ውስጥ ከዓረፍተ ነገሩ ይልቅ ቁጥሩን ፈልጉ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ እክል ቁጥር አለው። 5 ማለት ፈቃድ የላችሁም ነው። 32 ማለት ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። 53 ሰርቨሩ አልተገኘም። 64 ግንኙነቱ መሃል ላይ ተቋረጠ። 71 ሰርቨሩ ከዚህ በላይ እንግዳ አልቀበልም አለ። 112 ዲስኩ ሞላ። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሞኒተራችሁ አጠገብ ለጥፉ። የብዙ ቀን ግምት ያሳጥሩላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሞ ይለይ። አንድን ምስል ብዙ ኮምፒውተሮች ተከፋፍለው የሚሰሩበት አሰራር አለ፤ ቪ-ሬይ በሚባለው የሬንደር ፕሮግራም ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። እዛ ላይ ረዳቶቹ የሰሩትን ቁራጭ ለዋናው ኮምፒውተር ይመልሳሉ፣ ፋይሉን ሴቭ የሚያደርገውም ዋናው ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቭ የማድረግ ስህተት ካለ የምትመረምሩት አንድ ማሽን ነው። አኒሜሽን ላይ ግን እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ፍሬም ራሱ ሰርቨሩ ላይ ይጽፋል። ከዚህ በታች የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ጻፉ

ስህተት ሲያጋጥም የሁላችንም እጅ ወደ ሪስታርት ነው የሚሮጠው። ሪስታርት ማስረጃውን ያጠፋል። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የጎደለ ፍሬም ሶስት ነገር ጻፉ፤ የቱ ኮምፒውተር ሰራው፣ በስንት ሰዓት ከሸፈ፣ የትኛው ፋይል ነበር። ሁለት ሶስት ሌሊት እንዲህ ከመዘገባችሁ ነገሩ ራሱ መናገር ይጀምራል። 13ቱም የከሸፉት በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ከሆነ ችግሩ እነሱ ጋ ነው። በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ሆኖ ሁሉም በሶስት ደቂቃ ውስጥ ከከሸፉ ሰዓቱን ተከተሉ። ኮምፒውተሩም ሰዓቱም የተለያየ ሆኖ ያው ፍሬም ደጋግሞ ከከሸፈ ፋይሉን ተከተሉ።

ሰዓት ስትመዘግቡ ተጠንቀቁ። ሎጉ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሎጉ ላይ 2፡14 ያለው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ነው። የጥበቃው ሰው «8 ሰዓት ገደማ መብራት ብልጭ ብሎ ነበር» ካላችሁና እናንተ ሎጉ ላይ 8 ቁጥርን ከፈለጋችሁ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። የኮምፒውተሮቹ ሰዓት እርስ በርስ መግጠሙንም አረጋግጡ። የአንዱ ሰባት ደቂቃ የሚዘገይ ከሆነ «አብረው ከሸፉ» የሚለው ማስረጃ ይጠፋባችኋል።

ችግሩ የተወሰኑ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን

እዚህ ጋ በብዛት የማየው የድራይቭ ፊደል ነው። ሼር የተደረገውን ፎልደር ዜድ የሚል ፊደል ሰጥታችሁታል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ዜድ አለ፣ ሌሎቹም ላይ አለ። ታዲያ ምን ችግር አለው? ያ ፊደል የኮምፒውተሩ ሳይሆን ሎግኢን ያደረገው ሰው ንብረት ነው። የሬንደር ፕሮግራሙን ራሳችሁ ገብታችሁ ስትከፍቱት ዜድን ያየዋል። ዊንዶውስ ሌሊት አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሲያደርግና ፕሮግራሙ ማንም ሳይገባ በራሱ ሲነሳ ግን ዜድ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ትመጣላችሁ፣ ሎግኢን ታደርጋላችሁ፣ ዜድ ይመለሳል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

መፍትሄው ፊደሉን መተውና ሙሉውን የኔትወርክ አድራሻ መጠቀም ነው፤ በሁለት ወደ ኋላ ባዘነበሉ መስመሮች ጀምሮ የሰርቨሩን ስም፣ ከዛ የፎልደሩን ስም የያዘውን። ይህ ለሚወጣው ምስል ብቻ አይደለም። ቴክስቸሮቹም፣ ተጨማሪ ሌየሮቹም (ከዋናው ምስል ጋር ለየብቻ የሚወጡት ምስሎች) ሁሉም በዚህ አይነት አድራሻ ይጻፉ። ዋናውን ምስል አስተካክሎ የሌየሮቹን አድራሻ ዜድ ላይ መርሳት የተለመደ ነው።

ፊደሉን ብታስተካክሉም ሰርቪሱ (ሰው ሳይከፍተው ከጀርባ የሚሰራው ፕሮግራም) በማን ስም እንደሚሰራ ተመልከቱ። በራሱ የሚነሳ ሰርቪስ ብዙ ጊዜ የሚሰራው በሲስተሙ አካውንት ነው። ያ አካውንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚያውቀው የለም። ለሬንደር ብቻ የሚሆን አንድ ዩዘር ክፈቱ፣ ሰርቨሩም ላይ ኮምፒውተሮቹም ላይ ያው ስምና ያው ፓስወርድ ይኑረው፣ ሰርቪሱም በዛ ስም ይሩጥ።

ፈቃድ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ሼር ሲደረግ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፣ ፎልደሩ ራሱ ላይ ያለ ፈቃድም አለ። ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው፤ የጠበበው ነው የሚያሸንፈው። አዲስ ፋይል መፍጠር ተፈቅዶ የነበረን ፋይል መተካት የተከለከለበት ቦታም አለ። ያኔ የመጀመሪያው ሬንደር በሰላም ያልቃል። ደንበኛው «ሶፋው ቀለሙ ይቀየር» ሲልና ያንኑ ፍሬም ስትደግሙት ቁጥር 5 ይመጣል። ስህተቱ ሲደገም ብቻ የሚታይ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አንዱ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ በድንገት ካቆመ ደግሞ በእንግድነት፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ፣ የሚገባበት ሼር መሆኑን እዩ። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ትልቅ አፕዴት በፕሮ እትሙ ላይ ይህን አይነት አገባብ ዘግቶታል። ያልታደሱት ኮምፒውተሮች እየሰሩ የታደሰው ብቻ ሲከሽፍ ከሩቅ ለሚያየው የዕድል ጉዳይ ይመስላል።

ከዛ ኬብሉ። ስለ ኬብል ማውራት ማንም አይወድም፣ እኔ ግን ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ሽቦዎች አሉ። የ1 ጊጋቢት ፍጥነት ስምንቱንም ይፈልጋል። የ100 ሜጋቢት ፍጥነት ግን በ4 ይሰራል። አንዷ ሽቦ ከተጎዳች ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ካልተጨመቀች ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ኢንተርኔት ይሰራል፣ ኢሜይል ይሄዳል፣ ማንም አያስተውለውም። ትልቅ ፋይል ሲላክ ብቻ ይታያል። ዊንዶውስ ላይ ኢተርኔት የሚለውን ሴቲንግ ከፍታችሁ የሊንክ ፍጥነቱን አንብቡ። አስራ አንዱ 1000 ብለው አንዱ 100 ካለ ኬብሉን ቀይሩት። ወንበር ሲረግጠው የኖረ ኬብል ከሆነማ ሳትለኩም ቀይሩት።

የሰዓት ጉዳይ ሲሆን

ይህ ክፍል የሚገርመኝ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ትንንሽ ስቱዲዮዎች የተለየ ሰርቨር የላቸውም። ከኮምፒውተሮቹ አንዱን ይመርጡና ፎልደሩን ሼር ያደርጋሉ። ያ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ነው። እነዚህ ዊንዶውሶች በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ቢበዛ 20 መሳሪያ ነው። «እኛ ያለን 12 ኮምፒውተር ነው፣ የት ደርሰን» ትሉ ይሆናል። ቁጠሩት እስቲ። 12ቱ የሬንደር ኮምፒውተሮች፣ የዲዛይነሮቹ አምስት ላፕቶፖች፣ ስካን አድርጎ ወደ ፎልደሩ የሚልከው ፕሪንተር፣ የአለቃችሁ ላፕቶፕና ስልክ። 20 ሞላ። ሌላ አንድ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣ ለእሱ ቦታ የለም።

አሁን ጥሩው ነገር ይመጣል። ዊንዶውስ ለ15 ደቂቃ ምንም ያልጠየቀውን ግንኙነት በራሱ ይዘጋዋል። በተለመደው ሁኔታ ይህ ጉዳት የለውም፤ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ መልሶ ይገናኛል። ከባዱ ፍሬማችን ግን 40 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቴክስቸሩን አንብቦ ዝም ያለው ኮምፒውተር ከ15 ደቂቃ በኋላ ወንበሩን ያጣል። ታክሲ ውስጥ ወንበራችሁን ትታችሁ ብትወርዱ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት ማለት ነው። 40ኛው ደቂቃ ላይ ምስሉን ተሸክሞ ሲመለስ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፣ ቁጥር 71ን ይዞ ይከሽፋል። ቀን ላይ ቢሮው ሰው ሲሞላ ይከሽፋል፣ ሌሊት ሰው ሲሄድ ይሰራል። ፈጣን ፍሬሞች ላይ አይከሽፍም፣ ረጅሞቹ ላይ ይከሽፋል። ይህን ሳታውቁ ሲኑን (የምትሰሩትን የ3ዲ ትዕይንት)፣ ማቴሪያሉን፣ ራሙን ስትጠራጠሩ ትከርማላችሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቱ፣ ሼርድ ፎልደርስ ውስጥ ሴሽንስ የሚል አለ። በዛች ሰዓት ማን ማን እንደገባ ይቆጥርላችኋል። ቁጥሩ ወደ 20 ከተጠጋ መልሱ ይኸው። ሼሩን ወደ ናስ (ፋይል ለማስቀመጥ የተሰራ የኔትወርክ መሳሪያ) ወይም የሰርቨር ዊንዶውስ ወዳለው ማሽን አዛውሩት። ለጊዜው ካልቻላችሁ ፕሪንተሩንና ላፕቶፖቹን ከዛ ኮምፒውተር አውጧቸው።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ መጨናነቅ ነው። 12 ተመሳሳይ ኮምፒውተሮች አብረው ከጀመሩ ተቀራራቢ ፍሬሞችን ይዘው አብረው ይጨርሳሉ። ሂሳቡን እንስራ። አንድ 4ኬ ምስል 3840 በ2160 ነው፤ ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል። ኢኤክስአር በሚባለው የፋይል አይነት፣ በ16 ቢት፣ አራት ቻናል ይዞ፣ ሳይታመቅ ወደ 66 ሜጋባይት ይመጣል። ስምንት ሌየር ካወጣችሁ 530 ሜጋባይት። አስር ኮምፒውተሮች እኩል ቢደርሱ 5.3 ጊጋባይት። የ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ በተግባር 110 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ 48 ሰከንድ ይፈጃል። የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ አስር ፋይል በአንዴ ሲጽፍ ከዛ በታች ይወርዳል። ያኔ አንዱ መጠበቅ ሰልችቶት ያቋርጣል፤ ቁጥር 64።

መፍትሄው ሁልጊዜ ገንዘብ ማውጣት አይደለም። ኢኤክስአሩ መታመቁን አረጋግጡ። የማትጠቀሙባቸውን ሌየሮች አጥፉ። ስራው ሲጀመር ሁሉንም እኩል ከመልቀቅ በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት ልቀቋቸው። ሰርቨሩን ብቻ በ10 ጊጋቢት ከስዊቹ (ኬብሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት ሳጥን) ጋር ማገናኘትም ይረዳል፣ ዲስኩ ከቻለው።

ሶስተኛው መብራት ነው። አንድ የሰራሁበት ቢሮ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ነበራቸው፣ ሰርቨሩም ነበረው። ፍሬሞች ግን ሌሊት ሌሊት በጅምላ ይጎድላሉ። ስድስትም፣ ስምንትም አንድ ላይ። ጠዋት ሁሉም ኮምፒውተር በርቶ ነው የምናገኘው፣ ስለዚህ መብራት መሄዱ ትዝም አላለን። አንድ ቀን ጠረጴዛ ስር ገብቼ የስዊቹን ገመድ ተከተልኩት። በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ነበር የተሰካው። መብራት ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ሲል ኮምፒውተሮቹ አይሰማቸውም። ስዊቹ ግን ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። ትልልቆቹ ስዊቾች ከተነሱ በኋላ መስመሩን እስኪከፍቱ 30 ሰከንድ ሊወስዱ ይችላሉ። በዛ መሃል ሴቭ ለማድረግ የደረሰ ሁሉ ይከሽፋል። ስዊቹን ከሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሰካነው። የጅምላው መጥፋት ከዛ በኋላ አልተመለሰም። ዛሬ ቢሯችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ይህን አንድ ገመድ ተከተሉ። ብር አያስወጣም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። የሰርቨሩ ኮምፒውተር ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉ። የኔትወርክ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ናሱ ስራ ሲያጣ ዲስኮቹን የሚያስተኛ ከሆነ ያንን ዝጉ፤ የተኛ ዲስክ እስኪነቃ ሰከንዶች ያልፋሉ። ለሰርቨሩ የማይቀየር አይፒ ስጡት። ሬንደር ኮምፒውተሮች ላይ ዋይፋይ አጥፉ። ዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታ እዩ።

አዲስ ፎልደርም እንዲሁ የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ግን የአምስት ሰከንድ። ዊንዶውስ ሰርቨሩን አንዴ «ይህ ፎልደር አለ?» ብሎ ጠይቆ «የለም» ከተባለ መልሱን ለ5 ሰከንድ ያስታውሰዋል። በመሃል ሌላ ኮምፒውተር ፎልደሩን ቢፈጥረውም የመጀመሪያው «የለም» እንዳለ ነው። የእያንዳንዱ ሾት የመጀመሪያ ፍሬሞች ብቻ የሚጎድሉ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ስራውን ከመልቀቃችሁ በፊት ፎልደሮቹን በእጃችሁ ፍጠሩ።

ያው ፋይል ደጋግሞ ሲከሽፍ

ቁጥር 32 ካያችሁ ፋይሉን የያዘ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፣ ያውም በፍሬሞቹ የጓጓ ሰው። ፍሬሞቹ ሲመጡ እየከፈተ የሚያይ፣ ወይም አፍተር ኢፌክትስ ላይ ጭኖ ኤዲቲንግ የጀመረ። ፋይሉ እሱ ጋ ተከፍቶ እያለ ሬንደሩ ሊተካው ሲሞክር ይከለከላል። ሰው ካልሆነ አንቲቫይረሱ ነው፣ አዲስ ፋይል ባየ ቁጥር ከፍቶ ይፈትሻል። ወይም ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስ አይነቱ ነው፣ ፋይሉ ገና ተጽፎ ሳያልቅ ወደ ኢንተርኔት ሊጭነው ይሽቀዳደማል። የሬንደር ፎልደር በምንም አይነት እንዲህ ባለ ነገር ስር መቀመጥ የለበትም።

ማን እንደያዘው ለማወቅ ያው ሼርድ ፎልደርስ ውስጥ ኦፕን ፋይልስ የሚል አለ። የትኛው ፋይል በማን ስም እንደተከፈተ ያሳያችኋል። ከዛ በኋላ ሰው ቆሞ ማነጋገር ነው። እኛ ዘንድ የሰራው «ማየት የፈለገ ቅጂ አውጥቶ ይይ» የሚለው ደንብ ነው።

ብሌንደር የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ። ብዙ ኮምፒውተሮች ያለ ምንም ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አንድ ፎልደር ላይ እንዲሰሩ የሚያደርግ ቀላል ዘዴ አለ። ፕሌስሆልደርስን ታበራላችሁ፣ ኦቨርራይትን ታጠፋላችሁ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ፍሬም ሲጀምር ባዶ ፋይል ያስቀምጣል፣ «ይህን እኔ ይዤዋለሁ» እንደማለት ነው። ሌሎቹ ያንን አይተው ያልፋሉ። በጣም ደስ የሚል ዘዴ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ከጠፋ ባዶው ፋይል እዛው ይቀራል። ሌሎቹ ተሰርቷል ብለው ለዘላለም ያልፉታል። ስለዚህ ጠዋት ፋይሎቹን በመጠን ደርድሩ። 0 ባይት የሆኑትን አጥፉና እንደገና ልቀቁ። በመጠን መደርደር ለሁሉም ፕሮግራም ይጠቅማል፤ ከጎረቤቶቹ በግማሽ ያነሰ ፍሬም ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የተቆረጠ ነው። ፎልደሩ ውስጥ 300 ፋይል መኖሩ ብቻውን 300 ምስል አለ ማለት አይደለም።

የአማርኛ የፋይል ስም

ይህን ጽሁፍ የሚያነብ ሰው በአማርኛ ፎልደር ሰይሞ ያውቃል። እኔም አደርገዋለሁ። ለሬንደር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ ምንም ችግር የለበትም። አንዳንድ ፕለጊኖች (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላዎች) ግን እስካሁን የሚያውቁት የቆየውን የፊደል ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ፊደላችንን ሲያገኙ በጥያቄ ምልክት ይተኩታል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ነው። ሴቭ ማድረጉ ይከሽፋል። አሁን የሚያሳስተው ክፍል ይመጣል። ዊንዶውስ ውስጥ ለሁሉም ፕሮግራሞች ዩቲኤፍ-8ን (ዩኒኮድ የሚጻፍበትን ዘዴ) የሚያበራ አማራጭ አለ። ያ የበራበት ኮምፒውተር ላይ ያው ፕለጊን ይሰራል፣ ያልበራበት ላይ ይከሽፋል። ከ12ቱ ሶስቱ ብቻ ቢሰሩ ማን ይህን ይጠረጥራል?

ርዝመትም አለ። ናሶች በብዛት የሚሰሩት በሊኑክስ ነው። እዛ ላይ የአንድ ፋይል ስም ገደቡ 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። የፕሮጀክቱን፣ የክፍሉን፣ የካሜራውንና የሌየሩን ስም ሁሉ በአማርኛ ካስገባችሁ ረጅም ስም ያላቸው ሌየሮች ብቻ ይጎድላሉ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ብዙ ፕሮግራሞች ከነፎልደሩ ከ260 ፊደል በላይ የሆነ አድራሻ አይቀበሉም።

ከሁሉም የሚሸውደው እዝባሯ ናት። አ/አ፣ መ/ቤት፣ ወ/ሮ ብለን ማሳጠር ለምደናል። ሬንደር ፕሮግራሙ ላይ «አ/አ_ሳሎን» ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ «አ» የሚባል ፎልደር ውስጥ «አ_ሳሎን» የሚል ፋይል አድርጎ ነው የሚያነበው። ያ ፎልደር የለም።

ለደብዳቤ፣ ለውል፣ ለፎቶ ፎልደር በአማርኛ እንሰይም፤ ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ የሚኖረው ስንጠቀምበት ነው። ለሬንደር አድራሻ ግን ላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ተጠቀሙ። ፕለጊኖቹ እስኪታደሱ ድረስ ደንበኛው የማያየው ቦታ ላይ መግደርደር አይጠቅመንም።

መጀመሪያ ራሱ ጋ ይጻፍ

ምክንያቱን እየፈለጋችሁ ስራ መቆም የለበትም። የ40 ደቂቃ ፍሬም በአንድ ሰከንድ እክል እንዳይጠፋ ምስሉ መጀመሪያ በራሱ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ከዛ ወደ ሰርቨሩ ይቀዳ። ዴድላይን የሚባለው የሬንደር ማስተዳደሪያ ለብዙ ፕሮግራሞች ይህን አማራጭ ይሰጣል። ሌላ የምትጠቀሙ ከሆነ ሮቦኮፒ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ይቀዳል፣ ሲከሽፍም ይደግማል። ግን መድገሚያውን ራሳችሁ ወስኑ። ካልነካችሁት አንድን ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። ይህ ወደ 347 ቀን ይሆናል። 10 ጊዜ በቂ ነው።

ሲቀዳም በጊዜያዊ ስም ይቀዳ፣ ተልኮ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙ ይሰጠው። እንዲህ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ በትክክለኛ ስሙ ያለ ፋይል ሁሉ የተሟላ ፋይል ነው፣ ግማሹን የሚከፍት ሰውም አይኖርም።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ስህተቱ ሊሰወር ይችላል። የተበላሸው ኬብል ግን እንዳለ ነው፤ ሮቦኮፒ በሶስተኛው ሙከራ እየተሳካለት ነው እንጂ። የሮቦኮፒን ሎግ አንብቡ። ደጋግሞ የሚሞክረው የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ይነግራችኋል።

ማስተካከያ ስታደርጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብሉንም፣ አንቲቫይረሱንም፣ ዩዘሩንም በአንድ ቀን ከነካችሁ የትኛው እንደሰራ አታውቁም፤ ስህተቱ ከወር በኋላ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ለመፈተሽ ደግሞ እውነተኛውን ስራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ኩብ ብቻ ያለበት ሲን ስሩ። በትንሽ መጠን፣ ማንኛውም ኮምፒውተር በአንድ ሁለት ሰከንድ የሚጨርሰው ይሁን። 1,000 ፍሬም ልቀቁ፣ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ይጻፍ። ሬንደሩ ጊዜ ስለማይወስድ የምትፈትሹት ሴቭ ማድረጉን ብቻ ነው። ፈቃድ፣ ስምና በሌላ ሰው የተያዘ ፋይል በዚህ ይጋለጣሉ። ከዛ ያንኑ ኩብ በ4ኬ፣ በስምንት ሌየር፣ መታመቁን አጥፍታችሁ 100 ፍሬም ልቀቁ። አሁን የሚጨነቁት ኬብሉ፣ ስዊቹና ዲስኩ ናቸው። አንዱን ፈተና ቀን 8 ሰዓት ላይ ቢሮው ሲሞላ፣ ሌላውን ማታ ሰው ሲወጣ አድርጉት። የ15 ደቂቃውን መዘጋት ለመፈተሽ ደግሞ ሆን ብላችሁ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከባድ ፍሬም ለሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ አንድ ስጧቸው።

ሲያልቅ ፋይሎቹን ቁጠሩ፣ በመጠን ደርድሯቸው። የተለቀቁት ሁሉ ካሉና ከጎረቤቶቹ ያነሰ ከሌለ፣ ማታ የደንበኛውን ስራ ልቀቁ።